ከመስታወቱ ማዶ፦ በአኳሪየም ውስጥ የባሕር እንስሳትን በቪዲዮ የመቅረጽ ዝርዝር መመሪያ

አኳሪየም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ የቀረጽኩ ዕለት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው ስል ሁለት ሰዓት አለፈ። ማታ ቤት ገብቼ ቀረጻውን በትልቅ ስክሪን ስከፍተው ሻርኩ የሸሚዜን ደረት ሰንጥቆ ያልፋል። ኤሊዋ በዞረች ቁጥር «መውጫ» የሚለው አረንጓዴ መብራት ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ አብሯት ይዋኛል። የጄሊፊሹ ደግሞ ባሰ፤ ከመሀሉ የገዛ ስልኬ አፍጥጦ ያየኛል። እዚያው ቆሜ ስቀርጽ በስልኬ ትንሽ ስክሪን ላይ ከእነዚህ አንዱም አልታየኝም ነበር።

መመሪያው በካሜራ ምርጫ የማይጀምረው ለዚህ ነው። አኳሪየም ውስጥ ያለ ዓሣ የትም አይሄድም፤ ቢርቅም ዞሮ ይመጣል። የሚያስቸግረው በእናንተና በእሱ መሀል የቆመው መስታወት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ጨለማው፣ ከዚያ የራሳችሁ ችኮላ። በዚሁ ቅደም ተከተል እንሄዳለን።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

የምትሄዱበትን አኳሪየም የጎብኚ ደንብ አንብቡና ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ፍላሽ፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) እና ለንግድ የሚውል ቀረጻ። ፍላሽና የቪዲዮ መብራት በብዙ ቦታ ክልክል ናቸው። ባይከለከሉም አትጠቀሙባቸው። ብርሃኑ መስታወቱን መትቶ ወደ ሌንሳችሁ ይመለሳል፣ ታንኩ ውስጥ የገባው ጥቂቱም ዓሣውን ያስበረግጋል፤ አብዛኞቹ ዓሣዎች ዓይናቸውን የሚከድኑበት ቆብ እንኳ የላቸውም። ትራይፖድ መተላለፊያ ስለሚዘጋ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በእጅ ለመቅረጽ ተዘጋጁ። ቪዲዮው ገቢ ለሚያስገኝ ቻናል ከሆነ ወይም ለደንበኛ የምትሠሩት ከሆነ ቀደም ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ፈቃድ የሰጧችሁ ሰዎች አንዳንዴ ከመክፈቻ ሰዓት በፊት ያስገቧችኋል፤ ባዶ አዳራሽ ደግሞ ከማንኛውም ውድ ሌንስ ይበልጣል።

ፈቃድ ባይኖራችሁም በሥራ ቀን በሩ እንደተከፈተ ግቡ። ያኔ መስታወቱ ገና አልተነካም፤ የጣት አሻራና የሕፃናት አፍንጫ ምልክት የለበትም። ከገባችሁ በኋላ ሰው ሁሉ በሚሄድበት መንገድ አትሂዱ። ሕዝቡ መግቢያው ላይ ካለው የመጀመሪያ ታንክ ጀምሮ ቀስ እያለ ይመጣል፤ እናንተ በቀጥታ ዋናው ትልቅ ታንክ ጋ ሂዱና ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ቅረጹ። አንድ ሰዓት ያህል ብቻችሁን ታገኛላችሁ።

የምግብ ሰዓት ሰሌዳ ካለ ያዙት። ብዙ ሰው ምግብ ሲሰጥ ለመቅረጽ ይጋፋል፤ እኔ የምመርጠው ከዚያ በፊት ያለውን ሩብ ሰዓት ነው። እንስሶቹ ሰዓታቸውን ስለሚያውቁ መንቀሳቀስና መሰብሰብ ይጀምራሉ፣ ውኃው ግን ገና ንጹሕ ነው። ምግቡ ከተበተነ በኋላ ፍርፋሪው ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ቪዲዮ ላይ አቧራ የነፈሰበት ይመስላል።

ሌላው የፀሐይ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ታንኮች ላያቸው ክፍት ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ1984 ሲከፈት የነበረው የኬልፕ ደን ታንክ 8.5 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ያ ረጅም የባሕር አልጌ የሚያድገው በእውነተኛ የፀሐይ ብርሃን ነው። እንደዚህ ያለ ታንክ ካለ ለቀትር አካባቢ አቆዩት፤ ጨረሩ ከላይ በቅጠሎቹ መሀል እንደ መጋረጃ ሲወርድ ታገኙታላችሁ።

ልብሳችሁ ከላይ እስከ ወገብ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ይሁን። ሰዓትና የሚያብረቀርቅ የአንገት ጌጥ አውልቁ፤ ደማቅ የስልክ ሽፋን በጥቁር ቀይሩ። ካሜራ ከሆነ ነጭ የብራንድ ጽሑፉን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑት። ለፎከስ የሚረዳውን ትንሽ መብራትና ቀረጻ ሲጀመር የሚበራውን ቀይ ነጥብ ከሜኑ ውስጥ አጥፏቸው። ሜሞሪ ላይም አትሰስቱ፤ አይፎን ላይ ፎርኬ (ከፉል ኤችዲ በላይ የሆነ የምስል ጥራት) በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ምስል፣ ሲቀረጽ በየደቂቃው 170 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ በ60 ፍሬም ደግሞ 400 ይደርሳል።

ደረጃ 2፦ የምትይዙት ዕቃ

ትንሽ ነው። ስልክ ወይም ካሜራ፣ ፓወር ባንክ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ የአንገት ልብስ የሚያህል ጥቁር ጨርቅ። ካሜራ የምትይዙ ከሆነ የላስቲክ የሌንስ ኮፍያ የግድ ነው። ሌንሱ ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ይሁን፤ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ወይም ከ24 እስከ 70 ኤፍ 2.8 አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። ለትናንሾቹ እንስሳት የማክሮ ሌንስ ያለው ሰው ይደሰታል፤ የሌለውም አይከስርም።

ነጸብራቅ ያጠፋል ተብሎ የሚመከረውን የፖላራይዘር ፊልተር ግን ቤት ተዉት። ይህን ምክር ሰምቼ አንድ ቀን ሙሉ አበላሽቻለሁ። ፖላራይዘር በደንብ የሚሠራው መስታወቱን ከጎን፣ ከፊት ለፊት መስመር ወደ 56 ዲግሪ አዘንብላችሁ ስታዩት ነው፤ እኛ ደግሞ ቀጥሎ እንደምታዩት በዚያ ማዕዘን መቅረጽ አንፈልግም። ካለው ብርሃን ከግማሽ በላይ ይበላል። ከዚያ አልፎ ትልልቆቹ የአኳሪየም «መስታወቶች» አክሪሊክ ፕላስቲክ ናቸው፤ አክሪሊክ ውስጡ ያለው ውጥረት በፖላራይዘር ሲታይ የቀስተ ደመና ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ያን ዝንጉርጉር ከዓሣው ላይ በኤዲቲንግ የሚያነሳ ሰው አላየሁም።

ደረጃ 3፦ መስታወቱ

ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ስጡት። ታንኩ ፊት ቆማችሁ እንስሳውን ሳይሆን የመስታወቱን ገጽ ብቻ ተመልከቱ፤ ከጀርባችሁ ምን ምን እንደሚያበራ ታያላችሁ። የመውጫ ምልክት፣ የሌላ ታንክ መብራት፣ የመረጃ ስክሪን፣ የጎብኚ ስልክ። አሁን አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ቁጭ በሉ። ብዙ ጊዜ ነጸብራቁ ሁሉ የሚጠፋበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ትቆማላችሁ። ከዚያ በዓይናችሁ ከፍታ ላይ ያለውን ስፋቱ መጽሐፍ የሚያህል ቦታ በጨርቅ ጥረጉ። ከውስጥ በኩል ያለውን አረንጓዴ አልጌና የአየር አረፋ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ቦታ ቀይሩ እንጂ አትታገሉት።

ዋናው ዘዴ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ማስጠጋት ነው። ሌንሱ ከተጠጋ ከጀርባችሁ ያለው ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ አይኖረውም። የላስቲክ ኮፍያውን መስታወቱ ላይ በቀስታ አሳርፉት፤ እንደ ትራይፖድም ያገለግላችኋል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ይቀንሳል። በስልክ ከሆነ ሽፋኑን ሳታወልቁ የካሜራውን በኩል ልጥፍ አድርጉትና ዙሪያውን በጥቁር ጨርቁ ክበቡት። ባዶ ብረት ወይም የፊልተር ጠርዝ ግን እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ አክሪሊክ ከመስታወት በጣም የለሰለሰ ስለሆነ ይጫራል፣ ጭረቱም ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ቀጥ ማለት ነው። ሌንሱ መስታወቱን በቀጤ ማዕዘን ይመልከት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ብርሃን ከውኃ ወጥቶ በአክሪሊክ በኩል ወደ አየር ሲገባ ሁለት ጊዜ ይሰበራል። ቀጥ ብላችሁ ካያችሁት ስብራቱ አይታወቅም፤ አዘንብላችሁ ካያችሁት ግን ምስሉ ይለጠጣል፣ የዓሣው ጠርዝ ላይም ቀይና ሰማያዊ መስመር ይወጣል። ፕላስቲኩ በወፈረ ቁጥር ይብሳል። ጃፓን ውስጥ በኦኪናዋ ቹራውሚ አኳሪየም የኩሮሺዮ ታንክ ፊት የቆመው ግድግዳ 8.2 ሜትር ከፍታ፣ 22.5 ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው። ከክንድ የሚበልጥ ፕላስቲክ መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ግድግዳ በኩል አዘንብላችሁ ዌል ሻርክ ከቀረጻችሁ ጅራቱ በጭስ የተሠራ ይመስላል።

ስለዚህ ዓሣውን ለመከተል ካሜራውን ወደ ጎን አታዙሩ። ሌንሱ መስታወቱን ፊት ለፊት እያየ መላ ሰውነታችሁ ከዓሣው ጋር ጎን ለጎን ይራመድ። ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፉ፣ እግራችሁን ሳታነሱ አንሸራትቱ። የመጀመሪያ ቀን የሚያስቅ ይመስላል፤ ቪዲዮው ላይ ግን ዓሣው ሳይቆራረጥ አብሯችሁ የሚዋኝ ይሆናል።

ስብራቱ ሌላም ያደርጋል። ቀጥ ብላችሁ ስታዩ ውኃ ውስጥ ያለው ነገር ከእውነተኛ ርቀቱ ሦስት አራተኛው ላይ ያለ ይመስላል፤ 4 ሜትር ርቆ ያለው ሻርክ በ3 ሜትር ይታያል። ካሜራውም የሚያየው ያንኑ ነው፤ ፎከስን በእጅ የምታስተካክሉ ከሆነ ለዓይናችሁ የሚታየውን ርቀት እመኑ።

ከላያችሁ ዓሣ የሚያልፍበት የመስታወት ዋሻ ውስጥ ይህ ሁሉ ይበላሻል። ጣሪያው ጎባጣ ስለሆነ ራሱ እንደ ሌንስ ይሠራል፣ እንስሶቹ ያነሱ ይመስላሉ፣ ጠርዙ ሁሉ ብዥ ይላል። ዋሻው ቆንጆ የሚሆነው በቅርብ ለመቅረጽ ሳይሆን ሰፋ አድርጎ ለማሳየት ነው፦ መሀል ላይ ቁሙ፣ የሚራመደውን ሰው ከጀርባው አስገቡ፣ ስቲንግሬይ በላዩ ሲያልፍ ጠብቁ። ሆዱ ላይ ሁለት ዓይንና የሚስቅ አፍ ያለው ይመስላል፤ እነዚያ ዓይኖች የአፍንጫ ቀዳዳዎቹ ናቸው፣ እውነተኛ ዓይኖቹ በጀርባው በኩል ናቸው።

ደረጃ 4፦ የካሜራ ማስተካከያ

አውቶማቲክ ካሜራ አኳሪየም ውስጥ ግራ ይጋባል። ጥቁር ውኃ ሲያይ ያበራል፣ ብርማ ዓሣ ሲያልፍ ያጨልማል፣ ሰማያዊ ሲበዛበት ቢጫ ይጨምራል። ቪዲዮው መሀል ላይ ሲተነፍስ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የምትችሉትን ያህል ቆልፉ።

በመጀመሪያ ፍሬምና ሹተር፤ ሹተር እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ነው፣ 1/50 ማለት የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ነው። የአርቴፊሻል መብራት በኤሌክትሪኩ ምት እጥፍ ፍጥነት ይርገበገባል፤ ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምት) በሆነበት አገር፣ ማለትም በአፍሪካና በአውሮፓ አብዛኛው ክፍል፣ በ25 ፍሬም ቅረጹና ሹተሩን 1/50 ላይ አቁሙ። 60 ኸርዝ በሆነበት፣ ለምሳሌ በሰሜን አሜሪካ፣ 30 ፍሬምና 1/60 ይሁን። ጃፓን ለብቻዋ ናት፤ ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ነው። ፈጣን እንስሳ ከሆነ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉት፦ 1/100 ወይም 1/120። ዘመናዊ የኤልኢዲ መብራት ያለበት ታንክ ግን በራሱ ፍጥነት ሊርገበገብ ስለሚችል ይህን ሒሳብ ላይቀበል ይችላል። መፍትሔው መሞከር ነው፤ የታንኩን ብሩህ ጥግ 10 ሰከንድ ቀርጻችሁ አጉልታችሁ እዩት። ከላይ ወደ ታች የሚንፏቀቅ ጥላ ካለ ሹተሩን ጥቂት ጥቂት ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ጥላው የሚቆምበትን ፈልጉ።

በስልክ ይህን ለመቆጣጠር የተለየ አፕ ያስፈልጋል። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነጻ ነው፤ ለአይፎን እ.ኤ.አ. በ2023፣ ለአንድሮይድ በ2024 ወጥቷል፣ ሹተሩን፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ምስሉን የሚያበራበትን መጠን) እና ቀለሙን በእጅ ያስተካክላል። አፕ ካላወረዳችሁ በስልኩ የራሱ ካሜራ እንስሳውን በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል፣ ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች እየጎተታችሁ ትንሽ አጨልሙት።

ሁልጊዜ ዋናውን የስልክ ሌንስ ተጠቀሙ፤ ያ 1 የሚል ቁጥር ያለው ነው። ሰፊውና የሩቁ ሌንስ ባለ አነስተኛ ሴንሰር ስለሆኑ ጨለማ ላይ ምስሉን አሸዋ ያስመስሉታል። በቅርብ ስትቀርጹ በራሱ ወደ ሰፊው ሌንስ የሚቀይረውን የማክሮ ቅንብርም አጥፉ። ትንሽ ሽሪምፕ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ካገኛችሁት አትጠጉት፤ 30 ሴንቲሜትር ያህል ራቁና 2 እጥፍ ዙም አድርጉ፣ ከዚያ ጥላ እንዲሆናችሁ ጨርቁን በላያችሁ ዘርጉ።

አይኤስኦ ከፍ ማድረግን አትፍሩ። የሚገባውን ያህል ብርሃን አግኝቶ በ3200 የተቀረጸ ምስል፣ በ800 ጨልሞ ተቀርጾ በኋላ በኮምፒውተር ከተበራ ምስል ይሻላል። ይህ ሕግ የማይሠራበት አንድ ቦታ ጄሊፊሽ ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ እንዲታይ ቀለሙን ማመጣጠኛው) ላይ ሰው ሁሉ አንድ ስህተት ይሠራል፦ ሰማያዊውን ጨርሶ ማጥፋት። ፀሐይ በሚገባበት ታንክ 5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ሰማያዊ ኤልኢዲ ባለበት የኮራል ታንክ ቁጥሩን ወደ ላይ ውሰዱና ነጭ አሸዋው ነጭ ከመሆኑ በፊት አቁሙ። ውኃ ከቀለሞች ሁሉ ቀድሞ ቀዩን ይውጣል፤ ስለዚህ መስታወቱ አጠገብ ያለው ዓሣ ቀለሙ ትክክል ሲሆን 10 ሜትር ርቆ ያለው ሰማያዊ መሆኑ አይቀርም። ሩቁን ካስተካከላችሁ ቅርቡ ብርቱካን ይሆናል። የቅርቡን አስተካክሉ፣ ሩቁን ለባሕሩ ተዉለት።

ደረጃ 5፦ አንድ ታንክ፣ ግማሽ ሰዓት

አዳራሹን በሙሉ ለመሸፈን መሞከር የጀማሪ በሽታ ነው። በአንድ ጉብኝት ሦስት ወይም አራት ታንክ ይበቃል። ደርሳችሁ ወዲያው አትቅረጹ፤ አምስት ደቂቃ እዩ።

ሻርኮች ትልቁን ታንክ በአንድ አቅጣጫ ደጋግመው ይዞራሉ። አንዱን ምረጡና ሦስት ዙር ቁጠሩለት። ለመዞር ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ወደ መስታወቱ የሚቀርበው የት ጋ ነው? የሚቀርብበትን ስታውቁ ፎከሱን እዚያ ላይ ቆልፉና ጠብቁት፤ ሳይደርስ ቀረጻውን ጀምሩ፣ ጅራቱ ከፍሬም ከወጣም በኋላ አምስት ሰከንድ ቆዩ። ባዶው ውኃ ኤዲት ስታደርጉ ያስፈልጋችኋል። ጥርሱ ውጭ ውጭ የሚለው ሳንድ ታይገር ሻርክ በአኳሪየሞች የተለመደ ነው። ውኃው ላይ ወጥቶ አየር ውጦ በሆዱ ስለሚይዝ ሳይሰምጥ ቀጥ ብሎ መንሳፈፍ ይችላል፤ ለጀማሪ ቀራጭ ከእሱ የተመቸ ሻርክ የለም።

ሞሬይ ኢል ከድንጋይ ስንጥቅ ራሱን አውጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከአጠገባችሁ የቆመ ሰው ሁሉ «ተቆጣ!» ይላል። አልተቆጣም፤ እየተነፈሰ ነው፣ ውኃውን ወደ ስንጥቡ እየገፋ። ይህን ካወቃችሁ ቀረጻችሁ ይለወጣል፦ ፊቱን አጉልታችሁ ለግማሽ ደቂቃ ሳትነኩት ትተዉታላችሁ፤ የአተነፋፈሱ ምት በራሱ ቪዲዮውን ይይዘዋል።

ጄሊፊሾች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ክራይዝል በሚባል ክብ ታንክ ነው። ቃሉ ጀርመንኛ ሲሆን የሚሾር አሻንጉሊት ማለት ነው፤ ጥግ የሌለው ታንክ ውስጥ ውኃው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ጄሊፊሹ ግድግዳ ላይ አይጣበቅም። ጀርባው ጥቁር፣ መብራቱ ከጎን ነው። አውቶማቲክ ካሜራ ያን ጥቁር አይቶ ብርሃን ይጨምርና ስስ የሆነውን እንስሳ ነጭ ጨርቅ ያደርገዋል። ብርሃኑን በ1 ወይም በ2 ደረጃ ቀንሱ፤ ጥቁሩ ጥቁር ይሁን፣ የጃንጥላው ጠርዝ ላይ ያለው የክር ዘርፍ አንድ በአንድ እስኪለይ ድረስ። ፎከሱንም ቆልፉት፤ ጄሊፊሽ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አውቶ ፎከስ የሚይዘው አጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ታንኩ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት ካለው ዋይት ባላንስ መቆለፉን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ካሜራው እያንዳንዱን ቀለም ለማጥፋት ይታገላል።

የባሕር ፈረስ ሲታይ የቆመ ይመስላል፣ ጀርባው ላይ ያለችው ክንፍ ግን በሰከንድ ከ30 ጊዜ በላይ ትርገበገባለች። በ25 ፍሬም ጭስ ናት። 120 ፍሬም የምትቀርጹበት ብቸኛ ጊዜ ይህ ይሁን፤ ብርሃኑ ጥሩ ከሆነና መብራቱ ካልተርገበገበ። (50 ኸርዝ ባለበት አገር 100 ፍሬም ከ120 ይሻላል፤ ካሜራችሁ ካለው።) ዝም ብላችሁ ከቀረባችሁም ሁለቱ ዓይኖቹ ለየብቻ፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ሲሄዱ ትይዛላችሁ።

ኦክቶፐስን ፈልጋችሁ ካጣችሁት ዓይኑን ፈልጉ። የዓይኑ ብሌን አግድም መስመር ነው፤ ሰውነቱ ቢገለበጥም መስመሩ አግድም እንደሆነ ለመቆየት ይሞክራል። ቆዳው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ቀለም ይቀይራል፣ መቼ እንደሚቀይር ግን አይነግራችሁም። ለዚህ እንስሳ ብቻ የአምስት ደቂቃ ረጅም ክሊፕ እፈቅዳለሁ።

አሸዋ ላይ እንደ ሣር ቆመው የሚወዛወዙት ጋርደን ኢሎች ጥላ ሲያዩ ወደ ጉድጓዳቸው ይገባሉ። ቁጭ በሉ፣ አትንቀሳቀሱ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ራስ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሲወጡ ያለው ቀረጻ ወጥተው ከቆሙበት ይበልጣል። መስታወት ማንኳኳት ግን የትም ቢሆን ነውር ነው፤ ማንኳኳቱ ለእነሱ ከእኛ ጆሮ በላይ ይሰማል።

ፔንግዊንና የባሕር ኦተር ፈጣን ናቸው። ሹተሩን 1/250 አድርሱና ከውኃው የላይኛው ገጽ እኩል ተቀመጡ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ደረጃ 6፦ የሚያያይዙ ቀረጻዎች

ዓሣ ብቻ የሞላበት ቪዲዮ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያሰለቻል። በእያንዳንዱ ታንክ ሦስት ዓይነት ያዙ፦ ታንኩን ከሰዎቹ ጋር ከሩቅ፣ እንስሳውን ሙሉውን፣ ከዚያ አንድ ቁራጩን፤ ዓይን፣ ስንጥብ፣ የክንፍ ጫፍ። ሰዎቹን ከጀርባ እንደ ጥላ ቅረጹ፤ ለትልቁ ታንክ መጠን የሚሰጠው የሰው ጥላ ነው፣ የማታውቁትን ልጅ ፊትም ከቪዲዮ ያድናል። እያንዳንዱ ክሊፕ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይሁን። የስም ሰሌዳውንም ሁልጊዜ ቅረጹ፤ ከሳምንት በኋላ ያ ቢጫ ዓሣ ማን እንደነበር ማስታወስ አይቻልም።

ደረጃ 7፦ ድምፅ

የአዳራሽ ድምፅ የፓምፕ ጉምጉምታና የልጆች ጩኸት ነው፤ አብዛኛው ይጣላል። ነገር ግን ወጣ ብላችሁ ጸጥ ያለ ጥግ ላይ አንድ ደቂቃ የውኃ ድምፅ ብቻ ቅረጹ፤ ማዕበል የሚሠራበት ታንክ ወይም መንካት የሚፈቀድበት ገንዳ ጥሩ ነው። ያንን ከሁሉም ክሊፕ ሥር ስታስገቡት መቆራረጡ አይሰማም። ከጀርባ ሙዚቃ የሚያጫውት አዳራሽ ካጋጠማችሁ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ዩቲዩብ የቅጂ መብት ጥያቄ ያመጣባችኋል።

ደረጃ 8፦ ኤዲቲንግ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው ቅጂ ይበቃል፤ የምስል አሸዋውን የሚያጠራው መሣሪያ ግን በሚከፈልበት ስቱዲዮ ቅጂ ውስጥ ነው ያለው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ አሸዋውን አጥሩ፣ ከዚያ ብርሃን፣ ከዚያ ቀለም። መስታወትና ውኃ ምስሉን ግራጫ ስለሚያደርጉት ጥቁሩን ወደ ታች መሳብ ብቻውን ግማሹን ያስተካክላል። የሳቹሬሽን መቆጣጠሪያውን ሁሉም ሰው ከሚገባው በላይ ይገፋዋል፣ እኔም ጭምር፤ ካስተካከላችሁ በኋላ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና ሲሶውን ቀንሱ።

የኤዲቲንግ ማረጋጊያን በጥንቃቄ ተጠቀሙ። ፕሮግራሙ የሚንቀሳቀሰውን ዓሣ የቆመ ነገር አድርጎ ሊወስደው ስለሚችል ከጀርባው ያለው ኮራል መወዛወዝ ይጀምራል። መስታወቱ ላይ ተደግፋችሁ ከቀረጻችሁ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

ፎርኬ ቀርጻችሁ ቪዲዮውን በፉል ኤችዲ ብትሠሩም ለዩቲዩብ በፎርኬ አውጥታችሁ ጫኑ። ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ሲታመቅ በቀላሉ ወደ ካሬ ካሬ ይለወጣል፤ ዩቲዩብ ለፎርኬ የሚሰጠው ዳታ የበዛ ስለሆነ ይህ ይቀንሳል።

ከመጫናችሁ በፊት ግን የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ በትልቁ ስክሪን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እዩት፤ ዓሣውን ትታችሁ አራቱን ጥግ ብቻ። አረንጓዴ የመውጫ መብራት፣ የእጅ ጣት፣ የስልክ ጠርዝ ካለ ምስሉን ትንሽ አጉልታችሁ ከፍሬም አስወጡት። በዚያ ካልወጣ ክሊፑን ጣሉት።